ዳኛ ካርቶን አያይም

ዳኛው፦ አልኩህ አይደል! ይህ አውሮፕላን ሳይሆን በደል ነው!

ገራገሩ፦ ቀስ በል እንጂ፣ ሙጫው አልደረቀም።

ዳኛው፦ ባይደርቅ ይሻላል። ለመፍታት አያስቸግርም።

[ጠባብ ሳሎን። ጋዜጣ የተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ገና ቀለም ቀለም የሚሸት ትንሽ የጦር ጄት ቆሟል፤ ከካርቶን ወጥቶ በሙጫ የተገጣጠመ ፕላስቲክ ነው። ዳኛው የሞዴል ሠሪዎች ማኅበር የውድድር ዳኛ ነው። መነጽሩ ከዓይኑ ይልቅ ግንባሩን ያገለግላል፤ ማስመሪያ የማይዝበት ቀን የለም። ገራገሩ የመሥሪያ ቤት ባልደረባው ነው። ነገር የሚገባው ዘግይቶ ነው ይባላል፤ የሚለውም ዳኛው ነው።]

ገራገሩ፦ እኔ እኮ የጠራሁህ ይሆናል አይሆንም እንድትለኝ ነው። አማቴ አሁን ይመጣሉ።

ዳኛው፦ ይህን ለእሳቸው ልትሰጥ?

ገራገሩ፦ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ያለውን ጄት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸዋ። ልጃቸውን ልጠይቅ የሄድኩ ቀን ግድግዳቸው ላይ ፎቶውን አየሁና "ሄሊኮፕተርዎ ያምራል" አልኳቸው።

ዳኛው፦ ኧረ ጉድ!

ገራገሩ፦ ከዚያ ወዲህ ለልጃቸው "ባልሽ" ይሉኛል እንጂ አንድ ቀን "ልጄ" ብለውኝ አያውቁም። ሚስቴም መሃል ቤት ተቃጠለች። ዛሬ ካላስደሰትኳቸው አለቀልኝ።

ዳኛው፦ ይህን ከሰጠሃቸውማ "ባልሽ" ማለቱንም ይተዉታል። ከየት ነው ያመጣኸው?

ገራገሩ፦ ሱቅ ደጃፍ ከተቀመጠ ቅርጫት፤ ከካልሲ ጋር ተደባልቆ ነበር። ርካሽ ነው። ካርቶኑ ይኸውልህ፣ እዚህ ጋ እኮ የተጻፈው...

ዳኛው፦ [ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ] አርቅልኝ! ዳኛ ካርቶን አያይም!

ገራገሩ፦ ለምን?

ዳኛው፦ የማኅበራችን ደንብ ነው። ካርቶን ይሸነግላል። ሥዕሉ ላይ ሰማዩ እሳት፣ ጄቱ መብረቅ፤ ከፍተህ ስታየው የፕላስቲክ ማንኪያ! ዳኛ የሚያየው ዕቃውን ብቻ ነው።

ገራገሩ፦ ጽሑፉንም አያነብም?

ዳኛው፦ ጽሑፉ ይብሳል!

[ገራገሩ ካርቶኑን ሶፋው ሥር ይከተዋል። እጅ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ነው።]

ዳኛው፦ አሁን ተከተለኝ። እውነተኛውን ጄት ሰባ ሁለት ጊዜ ስታሳንሰው፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሥራ አራት ሴንቲ ይመጣል። ይህ ስንት ሆነ?

ገራገሩ፦ ሃያ አንድ።

ዳኛው፦ አፍንጫው አራት መሆን ሲገባው?

ገራገሩ፦ ስድስት።

ዳኛው፦ ጭራው ስድስት መሆን ሲገባው?

ገራገሩ፦ ዘጠኝ። ውይ! ሁሉም በግማሽ ነው እንዴ የረዘመው?

ዳኛው፦ የርካሽ ዕቃ ነገር! ተሳስቶ እንኳ አንድ ቦታ ትክክል አይመጣም።

ገራገሩ፦ አብራሪውስ?

ዳኛው፦ [እየሣቀ] አብራሪውማ ጉድ ነው! በእውነተኛ ሰው ሲሰላ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ያልፋል።

ገራገሩ፦ ታዲያ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ይሆናላ። ሰውየው ትልቅ፣ ወንበሩ ትልቅ፣ ጎማው ትልቅ። እርስ በርሳቸው ተስማምተዋል እኮ።

ዳኛው፦ አንተን ማስረዳት ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው! አውሮፕላን እንደ ሱሪ ሰው ተለክቶ ይሰፋል?

ገራገሩ፦ እሺ፣ ግን ሰባ ሁለት ጊዜ የሚያንሰው ለምንድን ነው? በሌላ ቁጥር ቢያንስስ?

ዳኛው፦ ሌላ ቁጥር የለማ! በማኅበራችን ሁሉም የሚሠራው በሰባ ሁለት ነው። ከገባሁ ጀምሮ ሌላ አላየሁም። ይልቅ መጋዝ አምጣ።

ገራገሩ፦ ለምኑ?

ዳኛው፦ ክንፉን እንቆርጠዋለና። አፍንጫውንም፣ ጭራውንም።

ገራገሩ፦ አብራሪውንስ?

ዳኛው፦ እሱን ከጉልበቱ።

[ገራገሩ ጄቱን አንስቶ ደረቱ ላይ ያቅፋል። ጣቱ በሙጫ እስኪጣበቅ የለፋበት ነው።]

ገራገሩ፦ ቆይ፣ አንዴ ቆይ። እንዲህ ያለ ስህተት ከዚህ በፊት ገጥሞህ ያውቃል? ወይስ የእኔ ዕድል ነው?

ዳኛው፦ [ሶፋው ላይ ተደላድሎ] ምን ማለትህ ነው! ባለፈው ውድድር አንድ ባለ ከዘራ ሽማግሌ ይህንኑ፣ እንዳለ ይህንኑ ይዘው መጡ። ብለካው ሃያ አንድ! ለሕዝቡ ከፍ አድርጌ አሳየሁና "አባት፣ ይህ ጄት ሳይሆን የጠገበ አሞራ ነው" አልኳቸው።

ገራገሩ፦ [ቀስ ብሎ] የጠገበ አሞራ።

ዳኛው፦ አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ!

ገራገሩ፦ እሳቸውስ ምን አሉ?

ዳኛው፦ "እኔ እኮ ይህን ጄት ስፈታና ስገጥም ነው ያረጀሁት" አሉ። "መፍታትና መለካት ይለያያል" አልኳቸው። ካርቶኑን ካላሳየሁ ብለው ሲታገሉኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ደንብ ነዋ!

ገራገሩ፦ ከዚያስ?

ዳኛው፦ ምን ያደርጋሉ? በጋዜጣ ጠቅልለው፣ አቀርቅረው ወጡ።

[ሽማግሌ ሲሣቅበት መስማት ያማል፤ ሣቂው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሲያወራው ደግሞ የበለጠ ያማል። ገራገሩ ጎንበስ ብሎ ካርቶኑን ያወጣል።]

ገራገሩ፦ ዳኝነቱ አልቋል አይደል?

ዳኛው፦ አልቋል። ፍርዱም ተሰጥቷል።

ገራገሩ፦ እንግዲያው ደንቡ አይከለክልህም። መነጽርህን ከግንባርህ አውርድና ይህን አንብብልኝ። እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም።

ዳኛው፦ [መነጽሩን አውርዶ] "ሕፃናት እንዳይውጡት..."

ገራገሩ፦ ከሱ በላይ ያለውን። ትልቁን ቁጥር።

ዳኛው፦ "አንድ ለ... አርባ..."

ገራገሩ፦ ጨርሰው።

ዳኛው፦ "...ስምንት።"

[ማስመሪያው ከዳኛው እጅ ይወድቃል፤ ለማንሳት እንኳ አይሞክርም።]

ገራገሩ፦ አየህ፣ ሰባ ሁለት ጊዜ ሳይሆን አርባ ስምንት ጊዜ ብቻ ነው ያነሰው። ለዚህ ነው ሁሉም በግማሽ የበለጠው። ክንፉም፣ አፍንጫውም፣ ከጉልበቱ ልትቆርጠው የነበረው ምስኪን አብራሪም።

ዳኛው፦ ይህ... ይህ የፋብሪካው ጥፋት ነው! በትልቁ መጻፍ ነበረባቸው!

ገራገሩ፦ ከዚህ በላይ ከጻፉትማ ካርቶኑ አይበቃም።

ዳኛው፦ አንተ ግን ታውቅ ነበር?

ገራገሩ፦ እኔ? ሄሊኮፕተርና ጄት የማልለየው? አማቴ ለልጃቸው ሲነግሩ ሰምቼ ነው። ከዚያ ውድድር ወዲህ ቤታቸው አውሮፕላን የሚባል ነገር አይነሳም፤ ፎቶውንም ከግድግዳው አውርደውታል። የዳኛውን ስም አያውቁም። የሚያስታውሱት መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሚሰቅልና "የጠገበ አሞራ" ማለቱን ብቻ ነው። መነጽሩንማ ስንት ሰው ይሰቅላል። እኔ ከአፍህ ስጠብቅ የነበረው አሞራውን ነው።

[በሩ ይንኳኳል። በእጅ አይደለም፤ በከዘራ ነው።]

ዳኛው፦ የጓሮ በር የላችሁም?

ገራገሩ፦ ቤታችን እንደምታየው አንድ ለሰባ ሁለት ነው። በሩ ያው አንዱ ነው።

ዳኛው፦ ምን ልበላቸው? ከአፍ የወጣ አፋፍ!

ገራገሩ፦ ይቅርታ በላቸዋ። እንደዚያን ቀን ድምፅህን ከፍ አድርገህ።

ዳኛው፦ በል ጄቱን ቶሎ ስጣቸው! ስጦታው ላይ ዓይናቸው ይዋል!

ገራገሩ፦ ጄቱማ የእኔ ነው። የለፋሁበትን ማን ይሰጣል?

[በሩን ይከፍታል። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ደጃፉ ላይ ቆመዋል።]

ገራገሩ፦ አባባ፣ እንኳን ደህና መጡ! ይግቡ፣ ይግቡ። ስጦታዎን አምጥቼልዎታለሁ። ሶፋው ላይ ተቀምጧል።

[ዳኛው የሚይዘውን የሚጨብጠውን ያጣል። ከድንጋጤው የተነሳ፣ እንደ ልማዱ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ይሰቅላል። ሽማግሌው መነጽሩን ያያሉ፤ ዳኛውን ያያሉ፤ ቀጥሎም ወደ ገራገሩ ዞረው ከዚህ በፊት አይተውት በማያውቁት ዓይን ያዩታል።]

ሽማግሌው፦ ልጄ...

ገራገሩ፦ አቤት፣ አባባ!

ሽማግሌው፦ በሩን ዝጋው።