ኳሷ ያንከባለለችኝ ቀን

ትናንት እሁድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሶፋዬ ላይ እንደተጋደምኩ ሕልም አየሁ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌዎቼ ለሦስተኛ ጊዜ ውብአለምን ለትዳር ሊጠይቁልኝ ወላጆቿ ቤት ሄደው ነበር። አባቷ አቶ አስናቀው ሁለቴ «እንመካከርበት» ብለው መልሰዋቸዋል። እኔ ጭንቀቴን ልርሳ ብዬ ያችን የማትረባ ጨዋታ ከፈትኩ፤ ስልኩን ዘንበል ቀና እያደረጉ ኳስ ደረጃ የሚያስወጡባትን። ሠላሳ ደረጃ ነው። ዘንበል ማድረጉ ትንሽ ከበዛ ኳሷ ተንከባልላ ከታች ትገኛለች። ስንቴ እንደረገምኳት እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። በዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሕልሜ ኳሷ ሶፋው ላይ ተደላድላ ስልክ ይዛለች። ስልኩ ውስጥ ደረጃ የምወጣው እኔ ነኝ። ዘንበል ባደረገችው ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ ይዘማል። ታክሲዎች ተሰልፈው ሰው ይጠብቁ ነበር። አንድ ቀጭን ሰውዬ ብቅ ሲል ሦስቱ ተጋፍተው ጀርባው ላይ ተሳፈሩ። ሰውዬው ሂሳብ እንኳ ሳይጠይቅ ሄደ።

እየተንከባለልኩ ወደ ላይ ወጣሁ። የውብአለም ቤት ከደረጃው ጫፍ ላይ ነው። አቶ አስናቀው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ልጃችንን ውሰዱልን እያሉ ይለምናሉ። ሽማግሌዎቼ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል፣ እንመካከርበታለን ይላሉ። ከመካከላቸው ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጋሽ ዘርጋው ገመድ ይዘላሉ። ደስ አለኝ።

ሃያ ዘጠነኛው ደረጃ ላይ ውብአለም በሩን ከፍታ እጇን ዘረጋችልኝ። ጣቷን ነካሁት።

«ቀስ በይ» አልኳት ኳሷን።

«አታናግረኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል» አለች።

ወዲያው ሰፈሩ ዘመመና ቁልቁል ወረድኩ። ቀና ብዬ ኳሷን ሳያት ታለቅሳለች።

«ወድጄ መሰለህ?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ስንቱን ስድብ ችላኛለች።

ስነቃ ስልኬ ደረቴ ላይ ነው። ጨዋታዬን እንዳያቋርጡብኝ ድምፁን አጥፍቼው ኖሯል። አሥራ አንድ ጥሪ፣ ሁሉም ከጋሽ ዘርጋው። መልሼ ደወልኩላቸው። አቶ አስናቀው እሺ ሊሉ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ልጁን ራሱን አንዴ በስልክ ላናግረው ብለው ነበር አሉኝ። ስልኩን ሳላነሳ ስቀር አቶ አስናቀው ቀጠሮ እንኳ ሳይሰጡ ሸኟቸው። ጋሽ ዘርጋው ተቆጥተው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ደጋግመን ስንደውል ውብአለም ራሷ ከጓዳ ወጣች» አሉኝ ጋሽ ዘርጋው። «'ተዉት ጋሼ፣ በቃ ይተኛ' አለችን።»