አጋፋሪው ሳጥን ማጉያውን ከገዛ ጌታው ያዳነበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ፣ መምህር ዋልልኝ የማጉያውን አደራ በተቀበሉ በሰባተኛው ወር፣ መብራት ሦስት ቀን ሙሉ ሳይጠፋ ሰንብቶ የደብረ ታቦርን ሰው ግራ ባጋባበት በጥቅምት፣ በዕለተ ቀዳሚት ከጠዋቱ በአራት ሰዓት የሆነው ይህ ነው።

የፊዚክስ መምህሩ ዋልልኝ፣ ፈቃድ ያላቸው የአማተር ሬዲዮ ሰው፣ ዘይትናገር ምስለ ርሑቃን፣ ማለትም ከሩቅ ሰው ጋር የሚያወሩ፣ የጎረቤት ግን የማይሰሙ፣ በዚያን ቀን ድምፃቸውን ጃፓን ሊያደርሱ ለሰፈሩ ሁሉ ቃል ገብተው፣ ጋፋት ላይ መድፍ ከተሠራ ወዲህ ከዚህ አገር ይህን የሚያህል ድምፅ አልተሞከረም ብለውም አስወርተው፣ ወደ ሬዲዮ ክፍላቸው ገቡ። የተከተላቸውም ሠራዊት እነሆ፤ ሁለት ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ እግሩ የሚወላገድ ዱካ፣ በዱካውም ላይ ሱቁን ለድመቱ ትቶ የመጣው ጎረቤታቸው ኸድር።

ከጠረጴዛው ላይ የሬዲዮውን ኃይል የሚያበረታው ማጉያ ተቀምጧል። ያወረሷቸው መምህራቸው ጋሼ ደምሴ ናቸው፤ በሆዱ ያለችው የመስታወት ቱቦ ከነደደች ምትክ የላትምና፣ ጋሼ ደምሴ በሞት አልጋቸው ላይ ሆነው «ልጄ፣ ችኩል ነህ። እሷን ያቃጠልህ ቀን አፈሩ ገለባ አይሆንልኝም» ብለው አውጀዋል። ከማጉያው አጠገብ፣ ራሳቸው ጋሼ ደምሴ የሠሩት፣ ሬዲዮውንና ውጪ የተዘረጋውን የአንቴና ሽቦ የሚያስማማ ሳጥን አለ። ያለ እርሱ ፈቃድ ኃይል ወደ ሽቦው አይገባምና፣ ስሙ አጋፋሪ ተባለ።

ወእምዝ መምህሩ የሬዲዮውን ሙሉ ኃይል ለቀቁበት። አጋፋሪው ቀይ መብራት አበራ፤ በዚያ ሁሉ ኃይል መካከል ሽቦውን ለማስማማት በሆዱ ያሉትን ማብሪያ ማጥፊያዎች ቢያንቀሳቅስ መነካኪያ ጥርሳቸው ይነድዳልና፣ መጀመሪያ ዝቅ ይበሉ ማለቱ ነው። መምህሩም እያጉረመረሙ ዝቅ አሉ፤ ዐሥር ዋት ብቻ ላኩ። አጋፋሪው ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ፣ ቁልፍ እንደጠፋበት ዘበኛ ያለውን ሁሉ ሞከረ፤ አንዱም አልገጠመም። ሽቦው የላኩለትን ኃይል ወደ መጣበት ይመልሳል፤ ተመላሹ ማጉያው ላይ ካረፈ ደግሞ የቱቦዋ ነገር አበቃ። ማጉያውን የሚቀሰቅሰው ትእዛዝ በአጋፋሪው በኩል ነበር የሚያልፈውና፣ መንገዱን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። ማጉያው እንደተኛ ቀረ።

ኸድር ከዱካው ላይ አወጀ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ዋልልኝ ጃፓንን ሊያናግር ተነሥቶ በሳጥን ተከለከለ! ወላሂ፣ ጉና ላይ ወጥተህ ብትጮህ ይሻልህ ነበር!»

መምህሩ በአዋጅ መለሱ፦ «ይህ ሳጥን ሸፍቷል! ከዛሬ ጀምሮ ከሹመቱ ሽሬዋለሁ! ትእዛዙን በቀጥታ አገናኛለሁ፤ ማጉያዬም ያለ አጋፋሪ ይናገራል!»

ካቻቢቴ መዘው አራት ብሎን ፈቱ። ክዳኑ ሲነሣ፣ በውስጠኛው ገጽ፣ ጋሼ ደምሴ ፈተና ሲያርሙበት በኖሩት ቀይ ቀለም ተጽፎ ተገኘ፦ «አዋጅ። ዋልልኝ፣ ይህን የከፈትኸው ውጪ ያለውን ሽቦ ሳታይ ነው። ክደንና ውጣ።»

የዐርባ ዓመቱ ሰው ጆሮ እንደ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጋለ። ከደኑ። ወጡ።

እነሆ፣ ሁለት ከባድ እርጥብ ብርድ ልብሶች በአንቴናው ላይ ተሰጥተው፣ ሽቦውም ጎብጦ ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ተኝቷል። ከሪያድ የተመለሰችው ተከራያቸው ነጅሚያ ሦስተኛውን እየጨመቀች አወጀች፦ «ጋሼ ዋልልኝ፣ አንቱ ሽቦ ዘርግተው ዝም ካሉ ሰው ልብስ ያሰጣበታላ! ሰባት ዓመት ሪያድ ስኖር ከሽቦ ጋር የሚያወራ ሰው አላየሁም። ወረቀት ይለጥፉበት እንጂ!»

ወካዕበ፣ ኸድር ብርድ ልብሶቹን ተሸከመ፣ ሽቦው ተቃና። አጋፋሪው ሦስት ጊዜ ጠቅ አለ፤ አረንጓዴ አበራ፤ መንገዱን ከፈተ። ማጉያው ተነሣ። ጃፓንም ሰማች፤ ለዐሥራ አንድ ሴኮንድ። ከዚያ መብራት ጠፋ።

ኦ አጋፋሪ፣ ጌታህ ሲያዝህ እንቢ ብለህ የጌታህን አደራ የጠበቅህ፣ ተሽረህ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የተሾምህ፣ ጠቅታህ ከነጋሪት የሚበልጥ፣ ጉና ከቦታው እስካልተነሣ ድረስ ስምህ ይጠራ! በክዳንህ ውስጥም፣ ከቀዩ ጽሑፍ ሥር፣ በሰማያዊ ቀለም የተጨመረው ይነበብ፦ «አየሁት ጋሼ። አፈሩን ገለባ ያድርግልዎ።»