ድመቷ ከከሳች አትብሉ

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ፤ ምግብ ቤት ልትገቡ ስትሉ በር ላይ የሚያስቀራችሁ። ዘበኛ እንዳይመስላችሁ፤ ዘመድ ነው። እጃችሁ የበሩን እጀታ ሊነካ ሲል ከኋላችሁ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። በቃ። ሲጮህ የዋለው ሆዳችሁ ጸጥ ይላል።

አውቶቡሱ ዞሮ በሚመለስበት፣ ከከተማው ጫፍ ባለው ሰፈር ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር አባ ጥርጥር ናቸው። ሌላ ስም ነበራቸው፤ የሚያስታውሰው የለም። ሠላሳ ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው ጡረታ ወጡ። የምግብ ቤት ቆጣሪ ደግሞ ያለው ጓሮ ነው፣ ከማድ ቤቱ መስኮት ሥር። ሌላው ሰው ምግብ ቤትን በመብራቱና በወንበሩ ሲያውቀው፣ እሳቸው የሚያውቁት ከጀርባው ነው።

«ለአርባ ሰው ምሳ ያቀርባል፤ በወር የሚፈጀው ውሃ ስድስት ሜትር ኪዩብ። ሳህኑን በምን ያጥበዋል? በምራቁ?» ይላሉ።

ሁለተኛዋ ምስክራቸው ድመት ናት። የሰፈሩን ምግብ ቤቶች ድመቶች አንድ በአንድ ያውቃሉ። ድመቷ ከወፈረች ትራፊው ለእሷ ይጣላል ማለት ነው። ከከሳችስ? ትራፊው የት ሄደ? ይህን ይጠይቁና ሳህናችሁን ትክ ብለው ያዩታል።

ፍርድ ከሰጡ በኋላ ክርክር የለም። ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ይከቱና «ብሉ፤ እኔ የለሁበትም» ይላሉ። ከዚህ ወዲያ እስቲ ማን ይበላል? ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ይቺን ቃል የሰማው ሹካው ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነው። ሹካውን መለሰው። ይኸው እስከ ዛሬ ምሳው ራሱ ቀቅሎ ራሱ የላጠው እንቁላል ነው፤ እሱንም ቢሆን እሳቸው ሲያልፉ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚበላው።

ሰፈሩ ሁሉ ይስቅባቸዋል። የማትስቀው የእህታቸው ልጅ ሚጣ ብቻ ናት።

ሚጣ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥራ የቁልፍ ቀዳዳ የምትሰፋ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። ስድስት ዓመቷ ላይ አጎቷ፣ ገና አባ ጥርጥር ሳይባሉ፣ እጇን ይዘው ምሳ ጋበዟት። ምን እንደበላች አታስታውስም። የምታስታውሰው የሆስፒታሉን ጣሪያ ነው፤ ዘጠኝ ቀን አይታዋለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ሲበስል ያላየችው ምግብ አፏ ጋ ሲደርስ ጉሮሮዋ ይዘጋል። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። የፈራ ሰው እንዴት እንደሚሳቅበት አጎቷን እያየች ነው ያደገችው።

እጮኛዋ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳ ሲጋብዛት «በልቼ ነው የመጣሁት» ስትለው ኖራለች። እናቱ ቤት ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለቱንም ጊዜ ምግቡን ከሳህኑ ዳር ወደ ዳር ስትገፋው ዋለች። እናትየው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ስድሳ ተማሪ በአንድ ዓይን ሲጠብቁ የኖሩ ሰው አንድ ሳህን አያመልጣቸውም። ልጅቷ ትጸየፈናለች፣ የሚጸየፈኝን ሰው ደግሞ ልጄ ብዬ አልጠራም አሉ። ልጃቸው ለመነ፣ አማላጅ ላከ። በመጨረሻ፣ እንግዲያው በገዛ ሰፈሯ፣ ወገኖቿ በመረጡት ምግብ ቤት አንድ ምሳ እንብላ፤ እዚያም ካልበላች ነገሩ ይቅር ብለው ቆረጡ። ቀኑ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ሆነ።

ሚጣ ሌላ መሄጃ አልነበራትም። አጎቷ ጋ ሄደች።

«ጋሼ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ እንግዶች አሉን። የት እንብላ?»

የአባ ጥርጥር ፊት አመድ መሰለ። «እቤት» አሉ።

«እቤት አይሆንም ብለዋል።»

«እንግዲያው አትብሉ።»

ካልበላች እጮኛዋን እንደምታጣው ነገረቻቸው። ከዚያ ተነሥተው ኮፍያቸውን ፈለጉ፤ ኮፍያው ግን ጭንቅላታቸው ላይ ነበር።

በሳምንቱ ውስጥ ሰፈሩ አንድ በአንድ ተዘጋባት። ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ያለው ዶሮ ቤትስ ብትላቸው፣ እዚያ ዶሮ የሚሞተው ሁለቴ ነው፤ አንዴ ሲታረድ፣ አንዴ ፍሪጁ ሲጠፋ አሉ። አዲሱ ፎቅ ላይ ያለው፣ የጠረጴዛ ልብሱ ነጭ የሆነውስ? ነጩን ጨርቅ ያነጠፉት ሳህን የሚወለውሉበትን ጨርቅ እንዳታዩባቸው ነው አሉ። ጋራዡ አጠገብ ያለው ሾርባ ቤትስ? የድመቷ ጎድን ከሩቅ ይቆጠራል። ብሉ፤ እኔ የለሁበትም።

ሁለተኛው ሳምንት ገባ። አባ ጥርጥር ምሳ ሰዓት ላይ ከቤት መጥፋት ጀመሩ። ሲመለሱ ፊታቸው ገርጥቶ፣ አንድ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ነው። የሚጣ እናት ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው ብላ ሐኪም ቤት ልትወስዳቸው ብትል፣ የሚመልሱላት ከምሳ ወዲህ ስንት ሰዓት ሆነ ብለው ብቻ ነው። ሚጣ የቁልፍ ቀዳዳ እየሰፋች መርፌው ጣቷን ይወጋታል። አርባ ሸሚዝ አበላሸች።

ዓርብ ማታ አባ ጥርጥር መጥተው በር ላይ ቆሙ። ከድልድዩ ማዶ ያለው ዓሣ ቤት ይሁን አሉ። የለሁበትም አላሉም። መብላት ግድ ሲሆን ይህን ቃል ሳይሰሙ መቅረት ምን ያህል እንደሚያስፈራ የሚያውቀው ሚጣን የሆነ ሰው ነው።

ቅዳሜ ጠረጴዛ ልትይዝ ሄደች። የዓሣ ቤቱ ባለቤት፣ ሰፊ ክንድ ያላት ሴት፣ ቅርፊት እየፋቀች ለእነማን ነው አለቻት። ሚጣ አጎቷን በመልካቸው ነገረቻት። ሴትዮዋ ቢላዋን አስቀመጠች።

«ቆጣሪዬን ጎንበስ ብለው የሚያዩት ሽማግሌ? አምስት ቀን ተመላለሱብኝ እኮ፣ እህቴ። የመጀመሪያ ቀን ሾርባ አዘዙ። መርዝ የሰጠኋቸው ይመስል ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡት። በማግስቱ መጡና ሾርባው ደህና ነው፣ አላመመኝም፣ አሁን ዓሣውን አምጪ አሉኝ። በሦስተኛው ሰላጣውን። እንዲህ እየፈሩ ለምን ይበላሉ ብላቸው፣ አንዲት ልጅ አለችኝ አሉኝ።»

ሚጣ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ዶሮ ቤት ያለችው እህቴም ታውቃቸዋለች» አለች ሴትዮዋ ቢላዋን እያነሣች። «ቀደም ሲል እዚያ በልተው ሁለት ቀን ተኝተዋል አሉ። ሌሎቹንም ቤቶች ሁሉ ቀምሰዋል።»

ሰፈሩ ሁሉ፣ ምግብ ቤት ገብተው የማያውቁ ፈሪ ይላቸው ነበር። ለካ ያልበሉበት ቤት የለም። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኚህኛው ፈሪ ግን ለእህታቸው ልጅ ነበሩ።

እሑድ ደረሰ። አስተማሪዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ከሚጣ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እጮኛዋ የጠረጴዛውን ልብስ ጥለት ይቆጥራል። አባ ጥርጥር ከቤት ያመጡትን የውሃ ጠርሙስ አቅፈው የጠረጴዛውን ጥግ ይዘዋል። ዓሣው ቀረበ።

ሚጣ ሹካዋን አነሣች። ቅዳሜ ከሰማችው በኋላ ፍርሃቱ የለቀቃት መስሏት ነበር። ግን ፍርሃት ብልጥ ነው፤ የዛሬው ዓሣ የማክሰኞው ዓሣ አይደለም አላት። ጉሮሮዋ ተዘጋ። መነጽሩ ወደ እሷ ዞረ። ቀና ብላ አጎቷን ብታያቸው ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ እሳቸውም ያንኑ እያሰቡ ነበር።

በዚህ ጊዜ አባ ጥርጥር ነውር የሚባለውን ሠሩ። በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርተው ከሚጣ ሳህን በእጃቸው ቆረሱና ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዋጡ። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያያቸዋል።

«ብዪ፣ ልጄ» አሉ። «እኔ አለሁበት።»

ሚጣ ጎረሰች። እንባዋ ከዓሣው ጋር አብሮ ወረደ፤ ግን ወረደ። ከዚያ ሁለተኛ ጎረሰች። ሹካዋን ሳትለቅ፣ «እማማ» አለቻቸው፣ «የእርስዎን ምግብ ተጸይፌው አላውቅም። ስለምፈራ ነው።» ጣሪያውን፣ ዘጠኙን ቀን፣ ሁሉንም ተናገረች።

አስተማሪዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እሷን አላዩም፤ ያዩት ሽማግሌውን ነው። ከዚያ የራሳቸውን ሳህን ቀስ አድርገው ወደ አባ ጥርጥር ገፉት።

«እንግዲያው የእኔንም ይቅመሱልኝ።»

አባ ጥርጥር ቆረሱና ቀመሱላቸው።

የዓሣ ቤቷ ድመት በር ላይ ተጋድማ ትጠብቃለች፤ ለመነሣት እስኪያቅታት ወፍራለች። ያን እሑድ ግን ከዚያ ጠረጴዛ ከአጥንት በቀር አንዳች አልተረፈላትም።