የደጅ እንሰት

ጉራጌ አገር፣ አመርጋ የሚባል ሰው ከአባቱ ቤትና እንሰት ወረሰ። እንሰት ለማብዛት ሌላ እንሰት መንቀል ግድ ነው። ሥሩን፣ አምቾውን፣ ብትቀቅለው የዛሬ እራት ነው፤ ብትቀብረው ችግኝ ያወጣል፣ ችግኙም ስንት ዓመት ቆይቶ ቤት ያጠግባል። የተቀበረ አይበላም፣ የተበላም አይቀበርም። ሟቹ አባት ከአስር አንዱን ቀብረው የቀረውን ልጆቻቸውን ያበሉ ነበር። ቤቱ ጠግቦ ያድራል፤ ስም ግን አልነበረውም።

አመርጋ ስም ፈለገ። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ሽማግሌዎች በጀፎሮው፣ በመንደሩ ሰፊ ሳራም መንገድ፣ እያለፉ የየቤቱን ተክል ያያሉ፤ ማን እንዳደገ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። እንሰት የጓሮ መሆኑ እየታወቀ አመርጋ ከደጁ፣ ከጀፎሮው ዳር ተከለ። ከአስር ሁለት ቀበረ፤ ሽማግሌዎቹ ቆመው አዩለት። ሦስት ቀበረ፤ መረቁት። አራት ሲደርስ ለሌላው መንደር ምሳሌ አደረጉት። እሱም ሙገሳ ለመደና የቤቱን ምሳ ረሳ።

ሚስቱ እታፈራሁ ድስቷ እየሳሳ ሲሄድ ዝም አላለችም። ችግኝ እየተነሳ ሰፋ ተደርጎ ካልተተከለ እንደማይወፍር፣ ይህ ሁሉ ተጠጋግቶ እርስ በርሱ እየተናነቀ መሆኑን ነገረችው። አመርጋ ይህን አጥቶት መሰላችሁ? ቢያሳሳው ከመንገድ ሲታይ ያነሰ ይመስላል፤ ሽማግሌዎቹ ምን ይላሉ? ታገሱ አለ። ነገ ትጠግባላችሁ አለ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ አድገው፣ ትዳር ይዘው ወጡ፤ ነገም እዚያው ነገ ሆኖ ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

በኋላ ታናሿ ልጁ ትሩፋት ልትወልድ እናቷ ቤት መጣች፤ በሰላምም ተገላገለች። በዚያ አገር አራስ በቅቤ የራሰ የቡላ ገንፎ ትበላለች፤ ወገቧ የሚጠናው፣ ጡቷም የሚሞላው በእሱ ነው ይላሉ። ቡላ ደግሞ ከደረሰ ወፍራም እንሰት እንጂ ከሌላ አይገኝም። እታፈራሁ ደጁን ከዳር እስከ ዳር ዞረችው። ጫካ መስሎ የቆመው ሁሉ ከክንዷ አይወፍርም። መቁረጥ የወንድ ሥራ ነውና አመርጋ የተሻለውን መርጦ ቆረጠላት። ብትፍቀው፣ ብትጨምቀው ውሃ ብቻ ወጣው። እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ቡላውን ከጎረቤት ለምና አመጣች፤ ከወይዘሮ ዘርፌ። ዘርፌ ከቤቷ ጀርባ ጥቂት የደረሱ እንሰቶች ያሏት ባልቴት ናት፤ ሽማግሌዎቹ ስሟን አንስተው አያውቁም። ያላትን አካፈለቻት፣ ግን ለስንት ቀን ይሆናል? ብዙም ሳይቆይ የትሩፋት ጡት ነጠፈ፣ ሕፃኑም ማልቀስ ያዘ።

ሽማግሌዎቹ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። መጡ እንጂ ከደጅ አላለፉም፤ ዓይናቸው ተክሉ ላይ ቀረ። ትልቁ ሽማግሌ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣

«ይህ ልጅ የታደለ ነው» አሉ። «ለእሱ ስንት ተቀብሯል!»

ትሩፋት ከውስጥ ሰማቻቸው። መልሱን የሰጠችው ግን ለአባቷ ነበር።

«አባ፣ ልጄስ ነገን ይጠብቅ፣ ዕድሜ አለው። ጡት ግን የሚያጠባው ዛሬ የተበላውን ነው።»

አመርጋ አንገቱን ደፋ። የልጁ ልጅ ለቅሶ አንጀቱን በላው፤ ይህን አልክድበትም። ሽማግሌዎቹ ግን አፉን እያዩ ይጠብቁ ነበር። ቀና አለና ዘንድሮ ከአስር አምስቱን እንደሚቀብር ነገራቸው። እጃቸውን ዘርግተው መረቁት፤ ሕፃኑ ውስጥ እያለቀሰ እነሱ ውጭ አሜን ተባባሉ።

በዚያ መንደር እስከ ዛሬ ቤት የሚለካው ከጀፎሮ ላይ ሆኖ ነው፤ እስከ ምድጃው ገብቶ የለካ ሽማግሌ ገና አልመጣም።