የዲንቄን ማመልከቻ የመለሱት ሰውዬ

በዚህች ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ያለ መብራት፣ ያለ ውኃ፣ ያለ ሥራ አስኪያጅም ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። ሠራተኛውን ከሥራው የሚያስጠላ አንድ የአስተዳደር ኃላፊ ከሌለው ግን መሥሪያ ቤት መባሉም ያጠራጥራል።

የእኛ ጫማ ፋብሪካ ላምበረት ጀርባ ነው። የእኛው ኃላፊ ደግሞ ክቡር አቶ ወልደ ሐዋርያት ይባላሉ፤ ሙሉ ማዕረጋቸው «የሰው ኃይል ልማትና አስተዳደር ዋና የሥራ ሂደት ባለቤት» ነው። ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ሲያዳርስ የግሉ ፋብሪካችንም ይቅርብኝ አላለምና ያኔ ያገኙት ነው። በራቸው ላይ አልበቃ ብሎ በሦስት መስመር ተጻፈ።

ሰላም ቢሏቸው «መመሪያው ምን ይላል?» ይላሉ። የማሸጊያ ክፍሏ ውዴ ልጇ ታሞ ፈቃድ ብትጠይቅ «ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ነበረብሽ» ብለው መለሷት። ልጅ በቀጠሮ ይታመማል እንዴ? ጥበቃው በሥራ ሰዓት ስቋል ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ሲነበብለት ደግሞ ስለሳቀ ሁለተኛ ተጨመረለት።

የባሰው የመጣው አንድ ለአምስት ተደራጅተን እርስ በርስ እንድንመዛዘን የተወሰነ ጊዜ ነው። «ከየቡድኑ እጅግ በጣም ጥሩ የሚያገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው» አሉ። እኛስ ምን አደረግን? እንደ እቁብ ዕጣ ጣልን! ቅጹ ተሟልቶ ስለተፈረመ ደስ ብሏቸው ማኅተም መቱበት። በምዘናው ውጤት የሚሰጠው የስፌት ክፍል አለቃነት በወጣ ጊዜ ዕጣው የደረሰው ለነገሳ ነበር፤ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ለማይሆንለት ለነገሳ! አሥራ አንድ ዓመት የሠራችው፣ ስፌት ለሁላችንም ያስተማረችው ዲንቄ ተራዋ ስላልነበረ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ማን ልቡን ሰጥቶ ይሠራል? የሰፋነው ጫማ አፉን እየከፈተ ከመርካቶ በካርቶን ይመለስ ጀመር። ዲንቄንም መሪ ሰፈር ያለ ሌላ ፋብሪካ ጠራትና መልቀቂያ አስገባች።

አቶ ወልደ ሐዋርያት ማመልከቻውን መለሱት። «ኅዳግ የለውም።» ኅዳግ ትታ ጽፋ አመጣች። «የመታወቂያ ቁጥር ይጎድላል።» ሞላች። በሦስተኛው «ቀኑ በግልጽ አይነበብም» አሉ።

«ጋሽዬ፣ ገፍታችሁ አስወጣችሁኝ፤ አሁን ደግሞ መውጫም ልትከለክሉኝ ነው?» ብላ እያለቀሰች ወጣች።

ደሜ ፈላ። ሲፈላም አድሮ በማግስቱ ረፋድ በራቸውን በርግጄ ገባሁ።

ጠረጴዛቸው ላይ የሁለት ዓመት የምዘና ቅጾች ተዘርግተዋል። ከእያንዳንዱ ቅጽ ጎን ሠራተኛው በእርግጥ የሰፋው ጫማና የተመለሰበት ብዛት በእጅ ጽሑፋቸው ሰፍሯል። ከሁሉም በላይ ሥራ አስኪያጁ ያን ጠዋት የፈረሙበት ደብዳቤ ነበር፤ የነገሳ እድገት ተሽሮ ዲንቄ የስፌት ክፍል አለቃ እንድትሆን ይላል።

«ዘጠኝ ቀን የሥራ አስኪያጁን ደጅ ጠናሁ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ማመልከቻዋን አንዴ መዝገብ ላይ ካሰፈርኩት መመለሻ የለውም። ያለኝ ዘዴ ያ ብቻ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯትም?»

«እምቢ ቢሉኝስ? ያንን ዕጣችሁን ያጸደቅኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ጊዜ በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

አፈርኩ። ወደ በሩ ስመለስ ሰዓታቸውን አዩ።

«ለመሆኑ አንተ ያለ ፈቃድ ነው ከማሽንህ የተነሳኸው?»

ማስጠንቀቂያዬን እዚያው ጽፈው ሰጡኝ። እየተናደድኩ ፈረምኩ። ነገር ግን እኚህን ሰውዬ ከዚህ ፋብሪካ አነሳለሁ የሚል ቢመጣ መጀመሪያ የሚጣላው ከእኔ ጋር ነው።