ሊቀ መንገድ ጌታሁን እና የንጋቷ ስለት

በእግሩ ወደ ንግሥ የሚሄድ ማኅበር ሁሉ አንድ ውሸታም አያጣም። ቄስ ሊያጣ ይችላል፤ ዣንጥላ ሊያጣ ይችላል፤ "ደረስን እኮ!" የሚል ሰው ግን አያጣም። የእኛው ጌታሁን ይባላል። ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ ይሸጣል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለጥቅምት መድኃኔዓለም ወደ አንኮበር ስንነሣ ግን ሱቁን ይዘጋና ሊቀ መንገድ ይሆናል። ማዕረጉን በቀልድ የሰጠነው እኛ ነን፤ እሱ የምሩን ይዞታል።

ሥላሴን ተሳልመን ገና ከከተማው ሳንወጣ ይጀምራል። "ያቺን ጉብታ አያችኋት? ከእሷ ወዲያ ቁልቁለት ነው።" ከእሷ ወዲያ ሌላ ጉብታ ነው። "አይ፣ እኔ ያልኩት ይቺን ነው" ይላል፣ ምንም ሳያፍር።

የታሪክ እውቀቱም ከዚህ አያንስም። መንገድ ዳር ድንጋይ ካየ አንድ ንጉሥ ያስቀምጥበታል። "እዚህ ላይ ንጉሡ ዐርፈዋል።" የትኛው ንጉሥ ስንለው፣ "የዚያን ጊዜው" ይላል። በእሱ ቤት የሸዋ ነገሥታት ከመቀመጥ ሌላ ሥራ አልነበራቸውም።

ዘንድሮ ጎረቤቴ ንጋቷ አብራን ነበረች። ልጇ መስከረም ክፉኛ ታማ በተኛች ጊዜ፣ "ልጄን ብታተርፍልኝ በእግሬ መጥቼ ደጅህን እሳለማለሁ" ብላ ተስላለች። ልጅቷ ድና ትምህርቷን ቀጥላለች፤ የቀረው የእናትየው እግር ነው። ጥቂት እንኳ መኪና ብትሳፈር ስለቱ ፈረሰ ማለት ነው። ጉልበቷን ደግሞ ያማታል።

ወደ አንኮበር ስንቃረብ ከገደሉ ሥር ጭጋግ ወጣና ዋጠን። "ጫማ አውልቁ!" አለ ጌታሁን ከፊት። "ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሳንሳለም አናልፍም!" እውነትም በጭጋጉ ውስጥ የቆርቆሮ ጣሪያ ይታያል። አወለቅን። በዚያ ብርድ በባዶ እግራችን ቆመን ግድግዳውን ተሳለምን። ጌታሁን ጭቃው ላይ ሰገደ። በሩ ተከፈተና ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ ነጭ በነጭ የሆነ ሰው ብቅ አለ። "አባቴ ይፍቱኝ" ብለን ጎንበስ አልን። ሰውየው ግራ ገብቶት ባዶ እጃችንን አየና፣

"እግዚአብሔር ይፍታ። እህሉ የታለ?" አለ።

ወፍጮ ቤት ነበር። መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ባይቆም ኖሮ ድምፁ ያድነን ነበር። ጌታሁን ጫማውን እያሰረ፣ "ድሮ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ነበር" አለ።

ከዚያ ጥቂት እንደሄድን የንጋቷ ጉልበት እምቢ አለ። መንገድ ዳር ቁጭ አለች። አንድ ሚኒባስ መጥቶ አጠገባችን ቆመ፤ ረዳቱ በሩን ከፈተ። ንጋቷ እንደምንም ተነሥታ በሩን ያዘች። እንባዋ መጥቷል።

"ጌታሁን፣ በመድኃኔዓለም ይዤሃለሁ፤ እውነቱን ንገረኝ። ምን ያህል ቀረን?"

ሁላችንም የለመድናትን ጉብታ ጠበቅን። ጌታሁን ግን ባርኔጣውን አወለቀ።

"ገና ነው እህቴ። ዳገቱ አልተጀመረም። እስከ ዛሬ የምዋሸው ሰው እንዳይቀመጥብኝ ብዬ ነው። አንቺ ግቢ፤ የቀረውን እኔ በባዶ እግሬ እሄድልሻለሁ።"

ንጋቷ አፍጥጣ አየችው። ከዚያ ግንባሩን በእጇ ዳሰሰች።

"ይኼ ሰውዬ አሞታል" አለችን። "ጌታሁን እውነት ከተናገረማ ደህና አይደለም። ብቻውን አልለቀውም!" የሚኒባሱን በር ራሷ ዘጋችው።

ዳገቱን የወጡት ተደጋግፈው ነው፤ ማን ማንን እንደደገፈ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እሷ "በሽተኛ ይዤ ነው የመጣሁት" ትላለች።

ዋዜማው ሳያልቅ ገባን። ንጋቷ ደጁ ላይ ተደፍታ ድንጋዩን ሳመች፤ ስለ ልጇ አመሰገነች፤ አለቀሰች። ቀጥላ የለመነችውን ከኋላዋ የነበርን ሁሉ ሰማነው።

"መድኃኔዓለም ሆይ፣ ይኼን ውሸታም ለከርሞ በጤና አድርስልኝ።"

እኔም ይህን ሰው እወደዋለሁ። ከሁሉም ጮክ ብዬ አሜን አልኩ።