ቁጭ ላሉት የደረሰ ምድር ቤት

ዕድሜውን በኪራይ የኖረ ሰው የራሱ ቤት ሊደርሰው ሲል እንደ ሕፃን ጠያቂ ይሆናል፤ ልብ ብላችኋል? በሰው ግቢ ሳለን ጠያቂዋ አከራይዋ ናት፦ ማን መጣብሽ፣ መብራቱን ለምን አላጠፋሽም፣ ደግሞ ልታጥቢ ነው? እኔም ዓይደር ሰፈር በአንዲት ክፍል ስኖር አፌ የሚያውቀው መልስ ብቻ ነበር። ቤት የሌለን ተሰባስበን በማሕበር ማሠራት ስንጀምር ግን ጥያቄው ፈነዳ። በጦርነቱ የቆመው ሕንፃ እንደገና ተጀምሮ ጣሪያው ሲከደን ደግሞ ባሰብኝ። ፎቅ ላይ በርበሬ የት ይሰጣል? ሰው ሲሞት ድንኳኑ የት ይተከላል? ከላይ ያለው ጎረቤት ሲራመድ እኔ አናት ላይ ነው ማለት ነው? መሐንዲሱ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ ኋላ ሲያየኝ መንገድ መቀየር አመጣ።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ምድር ቤቱ ለማን ይሆናል የሚለው ነው። ጉልበቴና ደረጃ ከተጣሉ ቆይተዋል። ውሃ ደግሞ እኛ ዘንድ ከቧንቧ ይልቅ በጀሪካን ነው የሚመጣው።

ለካ አስበውበታል። ዕጣ የሚወጣ ዕለት ከከተማው የመጣው ወጣት ሹም አዳራሽ ሰብስቦን፣ አቅም ያነሰው ያለ ዕጣ ከታች ይሰጠዋል፣ ፍትሐዊነት ማለት ይሄ ነው አለን። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም፤ መረቅኩት። ደረጃ የማይችል ቁጭ እንዳለ ይቆይ፣ የሚችል ተነስቶ ለዕጣው ይሰለፍ አለ። እኔማ ቁጭ ብዬ በሐሳቤ አልጋዬን እየዘረጋሁ ነው።

የሹሙ ቃል ሳያልቅ በሩ ተከፈተና አቦይ ገብሩ ገቡ። የማሕበራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ባጃጅ ለበሽተኛ ነው ብለው ከቃላሚኖ ድረስ በእግራቸው የሚመጡ። ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። ታዲያ ሽማግሌ ቆሞ እንዴት ይቀመጣል? ኖር ብዬ ብድግ አልኩ። ያ እምቢተኛ ጉልበቴ ያን ዕለት እንደ ኮረዳ ታዘዘኝ! ኧረ ተቀመጪ ቢሉኝ፣ በሞቴ ብዬ አስቀመጥኳቸው።

ከዚያ በኋላ ጉልበቴን ያመኛል ብል ማን ይስማኝ?

«አደይ፣ ከሁሉም ቀድመው ሲነሱ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ ሹሙ፤ አዳራሹ ሳቀብኝ።

አቦይ ገብሩ ከእኔ ይልቅ ጠንካራ ናቸው እንዳልል፣ በገዛ እጄ ያስቀመጥኳቸውን ሽማግሌ በሰው ፊት ላሳጣ ነው? ሄጄ ተሰለፍኩ። አራተኛ ፎቅ ወጣልኝ። እሳቸው ቁጭ እንዳሉ ምድር ቤት ተሰጣቸው።

አሁን የምኖረው እዚያው ነው። በርበሬውም በረንዳ ላይ ይሰጣል ለካ። ከገበያ ስመለስ እሳቸው ደጃፍ ላይ አርፋለሁ፤ ጀሪካኔን ተሸክመው እስከ ላይ የሚያደርሱልኝም እሳቸው ናቸው፤ አንዴም ትንፋሽ ሲያጥራቸው አላየሁ። በቀደም ታዲያ እንደ ቀልድ አድርጌ፣ አቦይ፣ ለምን ቤት አንለዋወጥም አልኳቸው።

«በሞቴ ብለሽ አስቀምጠሽኝ?» አሉ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው። «እኔ ከዚህ ከተነሳሁ እኮ የምትሞቺው አንቺ ነሽ።»

ይኸው እሳቸውም አልተነሱ፣ እኔም አልሞትኩ።